ለፕሬዚዳንቱ ቡና የከፈለው ገበሬ

ኒው ስሎተን፣ አዮዋ
ኦክቶበር 11

ለውድ የወንድሜ ልጅ ለኮርኔሊያ፣

ዝናቡንም ፀሐዩንም በየወቅቱ የሚልክ አምላክ በዚያ በትልቁ ከተማ ጤናሽንና ልብሽን ይጠብቅልሽ። እኛ ስሙ ይመስገን ደህና ነን። አክስትሽ ጌርቲ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ምንም አትልም። አኩሪ አተሩን ሰብስበን ጨርሰናል፤ በቆሎው ገና ማሳ ላይ ነው።

ለምን ስልክ እንዳልደወልኩ ታውቂያለሽ። ባለፈው ፋሲካ ስለ ፕሬዚዳንቱ ስንጨቃጨቅ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋሽብኝ ወዲህ (አንቺ "የዘጉት እርስዎ ነዎት" ትያለሽ) አክስትሽ ሕግ አውጥታለች። በዚህ ቤት ፖለቲካ የሚፈቀደው በጽሑፍ ብቻ ነው። "መጻፍ ያደክማል፤ ሲደክማችሁ ትተዉታላችሁ" ትላለች። እኔ ግን አልደከመኝም።

ባለፈው ሳምንት ፕሬዚዳንቱ ማርቫ ካፌ ሲመጡ፣ በሩ አጠገብ ከገመዱ ወዲያ ቆመሽ አይቼሻለሁ። አንቺም አይተሽኛል። ከዚያ ዓይንሽን ወደ ማስታወሻሽ መለስሽ። እሱን ለጊዜው ልተወው።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ዘገባሽ ነው። ማርቫ የዋሽንግተኑን፣ የቺካጎውን፣ የዴሞይኑን ጋዜጣ ሁሉ ሰብስባ የካፌው መስታወት ላይ ለጥፋዋለች። ሁሉም ላይ የኔ ፎቶ አለ። ፕሬዚዳንቱ ትከሻዬን አቅፈዋል፣ እኔ ጥርሴ ሁሉ ታይቶ እስቃለሁ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ደግሞ በሁሉም ላይ አንድ ነው። "ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ፓርቲ ሲመርጥ የኖረ አንድ ገበሬ የፕሬዚዳንቱን ቡና እኔ ካልከፈልኩ አለ። ሁለቱ ስለ አየሩ ሁኔታ ሞቅ ያለ ጨዋታ ተጫወቱ።" ጋዜጦቹ እንዴት ቃል በቃል ሊገጥሙ ቻሉ ብዬ ጠየቅኩ። ቦታው ሲጠብ ከጋዜጠኞቹ አንዱ ብቻ ገብቶ ለሁሉም ይጽፋል፣ ሌሎቹ ከሱ ይገለብጣሉ አሉኝ። የዚያን ዕለት የገባችው የወንድሜ የዊብ ቪንስትራ ልጅ መሆኗን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

እንግዲህ የሆነውን እኔ ልንገርሽ። ጠረጴዛችንን ታውቂዋለሽ። ጠዋት ጠዋት የዳይስ ጠጠሮቹን በቆዳው ኩባያ እያንኳኳን እንወረውራለን፣ የተሸነፈው የሁላችንንም ቡና ይከፍላል። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማር፣ ስንቱን ጠዋት ከፍሏል። የፕሬዚዳንቱ ሰዎች ቀደም ብለው መጡና አርሎንና ዴልበርትን "ለዕለቱ ቦታ የለም" ብለው ከወንበራቸው አስነሧቸው። በነሱ ቦታ ሁለት አስተማሪዎችና አንዲት የባንክ ሠራተኛ አስቀመጡ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን አንዳቸውም ዳይስ ጨብጠው አያውቁም። ኩባያው ደግሞ ካሜራ ፊት እንዲታይ ተፈልጓል። ማርቫ "ጨዋታውን የሚያስረዳ ሰው ከሌለ ኩባያውን አላወጣም" ስትል እኔን አስቀሩኝ።

አርሎ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ "ያው አንተ ገብተሃል፤ ለሁላችንም ጠይቅልን" አለኝ። እሺ አልኩት።

ፕሬዚዳንቱ ወረወሩና ተሸነፉ። ኪሳቸውን ዳበሱ፣ ቦርሳ የለም። ጠባቂያቸውን አዩት፣ እሱም ትከሻውን ሰበቀ። እኔ "ምንም አይደል፣ ክቡር ፕሬዚዳንት፤ እኛ እንከፍላለን። የእርስዎን መክፈል ለምደነዋል" አልኳቸው። ማርቫ ከባንኮኒው ጀርባ በሳቅ ፈረሰች። እሳቸውም ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ሲስቁ ደስ የሚሉ ሰው ናቸው። እኔም በራሴ ቀልድ ሳቅኩ። ፎቶው የተነሳው ያኔ ነው። ግብር አሰልችቶኝ የተናገርኩትን አንቺ ግብዣ አደረግሽው።

ሳቁ ሳይበርድ ጠየቅኳቸው። "ክቡር ፕሬዚዳንት፣ አባቴ ውሃ እንዲያወጣ ማሳዬ ሥር የቀበረው የሸክላ ቱቦ ተሰብሮ ውሃ ተኝቶብኛል። ልጠግነው ስል ከመንግሥትዎ መሥሪያ ቤት 'ይህ የተጠበቀ ረግረግ ነው፣ እንዳትነካው' የሚል ወረቀት መጣልኝ። ስም የለበትም፣ ፊርማ የለበትም። የዚህ አገር ገበሬ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ወረቀት እየደረሰው ነው። ስሙን የማላውቀው ሰው መሬቴን ሲከለክለኝ አቤት የምለው ለማን ነው?"

ትከሻዬን ያዝ አደረጉና "ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጉዳዩን የሚያይ ሰው እልካለሁ" ብለውኝ ማርቫ ወዳቀረበችላቸው ጣፋጭ ፓይ ዞሩ። ይኸው ነው።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ጥያቄውን ጻፊው። ከፈለግሽ እሳቸውን አሞግሺ፣ የማርቫን ፓይም አሞግሺ፤ ግን ገበሬው ጠየቀ፣ ፕሬዚዳንቱም አልመለሱም ብለሽ ጻፊ። ከዚያን ቀን ወዲህ ካፌ ስገባ ወሬው ይቆማል። አርሎ ኩባያውን ወደኔ አያሳልፍም። "አንተማ አሁን የፕሬዚዳንቱ ወዳጅ ነህ፤ ከኛ ጋር ምን ትሠራለህ?" ይለኛል። እኔና አርሎ አብረን ነው ያደግነው።

አክስትሽ ቤተ ክርስቲያን ስብከት ሲጀመር ለሁሉም የምታድለውን ሚንት ከረሜላ ፖስታው ውስጥ ጨምራለች። ከተሰበረ የፖስታ ቤቱ ጥፋት ነው።

አጎትሽ
ሃርም ቪንስትራ


ዋሽንግተን
ኦክቶበር 24

ለተከበሩ አጎቴ ለሃርም፣

ሰላምታዬ ከሩቅ ይድረስዎ። እግዚአብሔር እርስዎንም አክስቴንም በጤና ያቆይልኝ፤ በቆሎውንም በረዶ ሳይቀድመው ያስገባልዎ። እኔ ደህና ነኝ። ከረሜላው ሳይሰበር ደርሷል። ስብሰባ ላይ አፌ ውስጥ አድርጌው አለቃዬ "ምንድነው እንደ ቤተ ክርስቲያን የሚሸተው?" ብሎ አሳቀኝ።

ደብዳቤዎ ቁጣ እንዳለበት ከእጅ ጽሑፍዎ ገብቶኛል። ግን ሥራዬን ላስረዳዎ ይፍቀዱልኝ። ከገመዱ ወዲያ ነበርኩ። የካሜራው ሰዎች ይጮኻሉ፣ የቡናው ማሽን ይጮኻል። ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ድምፅዎ አልደረሰኝም። ሌሎቹ ጋዜጦች ዘገባዬን እየጠበቁ ስለነበር የፕሬዚዳንቱን ፕሬስ ክፍል ልጅ "ምን ተባባሉ?" ብዬ ጠየቅኩት። "ስለ ዝናቡና ስለ ሰብሉ" አለኝ። እኔም ያንን ጻፍኩ። ሁልጊዜ የምንሠራው እንዲህ ነው፤ ማንም ተንኮል አላሰበም።

ዓይኔን ስለመለስኩት ነገር። "ያ ሰውዬ አጎቴ ነው" ብል ኖሮ ከዚያ ቦታ አውጥተው ሌላ ጋዜጠኛ ያስገቡ ነበር። ያንን ተራ ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደጠበቅኩ አያውቁም።

እናንተ "የፕሬዚዳንቱ ወዳጆች ናችሁ" ትሉናላችሁ። የፕሬዚዳንቱ ሰዎች ደግሞ በየማለዳው ደውለው ጠላት ይሉናል። ከሁለቱም ወገን የምንሰደብ ከሆነ መሀል ላይ ነን ማለት ይመስለኛል። ለማንኛውም ጊዜው አልፏል። ያንን ዜና አሁን የሚያነብ የለም። ደግሞ፣ አይቆጡኝና፣ በፎቶው ላይ ደግና ተጫዋች ሰው ሆነው ነው የወጡት። አገሩ ሁሉ ወድዶዎታል። ቢሮ ውስጥ "ያ የቡናው ገበሬ" እያሉ በፍቅር ነው የሚያነሱዎት። ምን ጎዳዎት?

ለምስጋና ቀን ልመጣ አስቤአለሁ፤ ሥራው ከፈቀደ።

አክባሪዎ
ኮርኔሊያ


ኒው ስሎተን
ኖቬምበር 2

ለኮርኔሊያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ጌታም ለሁለታችንም ትዕግሥት ይስጠን፣ በተለይ ለኔ። በቆሎው ገብቷል። የአክስትሽ ጉልበት እንዳለ ነው።

ምን ጎዳዎት ብለሽ ጠየቅሽኝ። በጋዜጣሽ ላይ ደግ የሆነው ሰውዬ እኔ አይደለሁም፤ የጎዳኝ እሱ ነው። እኔ የጎረቤቶቼን አደራ ይዤ ገብቼ አደራዬን ተወጥቼ ነው የወጣሁት። የሱ ሥራ ቡና መጋበዝና ስለ ደመና ማውራት ብቻ ነው። አርሎና ዴልበርት የሚያውቁት እሱን ሆኗል።

ምን እንዳልኩ አልሰማሁም ብለሻል። እሺ፣ አልሰማሽም። ታዲያ እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም? የመጨረሻው መኪና እስኪሄድ ድረስ ማርቫ በር ላይ ቆሜ ነበር፣ ባርኔጣዬን ይዤ። አንድ ሰው ምን እንዳለ ማወቅ ስትፈልጊ የምትጠይቂው ራሱን ነው እንጂ የፕሬዚዳንቱን ተላላኪ አይደለም። ይህን ለመረዳት ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም።

ደግሞም ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ካየሽ ምን እንደምል ታውቂያለሽ። ባለፈው ገና ስለዚያ ቱቦ ሳወራ ሳወራ አክስትሽ ሳህኑን ከፊቴ አላነሳችም? ያቺን ዝቅ ያለች ቦታ ረሳሻት እንዴ? ክረምት የተኛባት ውሃ በረዶ ሲሆን መንሸራተት የተማርሽው እዚያ ነው። አባትሽ በአንድ እጅሽ፣ እኔ በሌላው። ታዲያ አባትሽም እኔም ጸደይ ሲመጣ ቱቦውን እንጠርግ ነበር፣ በግንቦት በቆሎ እንዘራባት ነበር። አሁን የአያትሽ መሬት በማላውቀው ሰው ቃል ረግረግ ሆኗል።

መሀል ላይ ነን ትያለሽ። እስቲ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ያለፉት ፕሬዚዳንት የወተት ዋጋ ተጠይቀው ሳያውቁት ሲቀሩ ሳምንቱን ሙሉ ጻፋችሁባቸው። ከሕዝቡ የራቁ ናቸው አላችሁ። እኔም እውነት ነው ብዬ ተቀየምኳቸው፣ ያውም የመረጥኳቸው ሰው ናቸው። እኚህኛው ደግሞ ባዶ ኪሳቸውን ቡና ቤት ሲገቡ የሕዝብ ሰው አላችኋቸው። ያለፉትን "ለምን?" ስትሉ ነበር፤ እኚህን "እንዴት ዋሉ?" ነው የምትሏቸው። እኔ የምጠይቅሽ እንድትጠያቸው አይደለም። እንድትጠይቂያቸው ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ መጥቷል። ብሩስ ሃልቨርሰንን ታውቂዋለሽ፣ ገበሬው ሁሉ ትራክተር ላይ ሆኖ የሚያዳምጠውን የሬዲዮ ሰውዬ። ፕሬዚዳንቱን ማታ ጠዋት ይተቻል፤ እኔም አብዛኛውን ጊዜ "አበጀህ!" እያልኩ ነው የማዳምጠው። ከየት እንደሰማ እንጃ፣ "ገበሬው ጥያቄ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ጠባቂዎቹ እጁን ጠምዝዘው ዝም አሰኙት፤ ወሬኞቹም ደበቁት" ብሎ አወራ። በማግስቱ አርሎ መንገድ ላይ አስቆመኝ። ወር ሙሉ ያልሰጠኝን ፈገግታ ሰጠኝ።

"እንዲህ ከሆነማ ለምን አልነገርከንም?" አለኝ።

"እንዲህ ስላልሆነ ነዋ" አልኩት።

"ሃርም፣ ሞኝ አትሁን። ዝም ብለህ ተቀበለው። ሰዉ ያዘነልህ አሁን ነው።"

ሃልቨርሰን ሐሙስ በስልክ ፕሮግራሙ ላይ እንድቀርብ ጠይቆኛል። ዝም ብል ብቻ ጠረጴዛዬ ይመለስልኛል። ፈተናው ቀላል አይደለም፣ ኮሪ። የምለውን ግን አውቄአለሁ።

አንቺም የምትይውን እወቂ።

አጎትሽ
ሃርም


ኒው ስሎተን
ኖቬምበር 28

ለኮርኔሊያ፣

ጤና ይስጥልኝ። ያለፈው ደብዳቤዬ ደርሶሽ እንደሆነ አላውቅም። የምስጋና ቀን አልፏል። ጠረጴዛው ላይ ያንቺም ሳህን ተቀምጦ ነበር፤ ማንም ሳይነካው አነሳነው። እግዚአብሔር የትም ብትሆኚ ይጠብቅሽ።

ሬዲዮው እንዴት እንደሆነ ሰምተሽ ይሆናል፤ ካልሰማሽ ይኸው።

"ክቡራን አድማጮች፣ ያን ዕለት እጁ የተጠመዘዘው ጀግና ገበሬ መስመር ላይ ነው!" አለ ሃልቨርሰን።

"እጄን የጠመዘዘ የለም" አልኩት። "እንዲያውም ጠባቂው ስወጣ በሩን ይዞልኛል። ጥያቄዬን ጠይቄአለሁ። አልተመለሰልኝም። ጋዜጦቹም አልጻፉትም። የሆነው ይኼ ነው፤ ከዚህ አልፎ መጨመር አያስፈልግም።"

"ሃርም፣ ፈርተህ ነው? አስፈራርተውሃል?"

"ከአክስቴ ከዊልሚና በቀር ሰው ፈርቼ አላውቅም፣ እሷም ሞታለች። ብሩስ፣ ስለ እኚህ ሰውዬ የምትለው ብዙው እውነት ነው። ይህን ውሸት አስገብተህ ለምን ታበላሸዋለህ?"

ሙዚቃ አስገባና ዘጋብኝ። የቱቦዬን ጥያቄ ሊያነሳልኝ እንኳ አልቻለም።

አሁን ያንቺ ሰዎችም የኔ ሰዎችም የማይፈልጉኝ ሰው ሆኛለሁ። አርሎ "በእጅህ የገባልህን ጣልከው" ብሎ ሰላምታውንም ተወው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኋላችን ይቀመጥ የነበረው ዴልበርት ወደ ማዶ ረድፍ ተዛውሯል። ያሳዝነኛል፤ አልዋሽሽም። ግን አልጸጸትም።

አሁን አስቢው። ሁለቱም ወገን ስለ እኔ ያልሆነ ነገር ተናገረ። የኔ ወገን የተናገረውን እኔ ራሴ፣ በራሴ አፍ፣ በራሱ ሬዲዮ ላይ አስተካከልኩ። ያንቺን ወገን የሚያስተካክለው ማነው?

ከዚህ በኋላ አልጨቀጭቅሽም።

ሃርም

ልጄ ኮሪ፣ እኔ ፖለቲካ አልጽፍም፣ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አጎትሽ ቡናውን እቤት መጠጣት ጀምሯል። አክስትሽ ጌርቲ።


ዋሽንግተን
ዲሴምበር 7

ለውድ አጎቴ ለሃርም፣ ለውድ አክስቴ ለጌርቲ፣

የሰላም አምላክ ቤታችሁን በሰላም ይሙላው። ስላልመጣሁ ይቅር በሉኝ። ሥራ ይዞኝ አልነበረም። ከእርስዎ ፊት መቀመጥ አፍሬ ነው።

የሬዲዮውን ቅጂ አንድ የዴሞይን ጋዜጠኛ ወዳጄ ላከልኝ። "እጄን የጠመዘዘ የለም" ሲሉ ሰማሁ፤ መልሼ መልሼ ሰማሁት። ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ማንም አይወቅስዎትም ነበር። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያም ስልክ አነሳሁ።

ያን ወረቀት የጻፈላችሁ መሥሪያ ቤት ጋ ደወልኩ። የምሠራበትን ጋዜጣ ስም ጠቅሼ፣ በኒው ስሎተን ያለችውን ማሳ የተጠበቀች ናት ብሎ የወሰነው ሰው ማን ይባላል ብዬ ጠየቅኩ። "ክፍሉ ነው የወሰነው" አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ማን? "እሱን መናገር አንችልም።" አጎቴ፣ ሚኒስትሮች እቤቴ ድረስ ይደውሉልኛል፤ አንድ ስም ግን ማግኘት አቃተኝ። እርስዎ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚሉኝ ይህንን ነበር፣ እኔ ደግሞ የገበሬ እሮሮ ነው ብዬ ነበር የምሰማው።

አለቃዬ ጋ ገባሁ። ዘገባው ይታረም አልኩት። "ስለቀዘቀዘ ቡና ነው የምታወሪኝ?" ብሎ ሳቀ። ያለፉት ፕሬዚዳንት ቢሆኑ ኖሮስ አልኩት። ሳቁን አቆመ፤ ግን እሺ አላለኝም።

ልዋሽዎ አልፈልግም። ፕሬዚዳንቱን አሁንም እወዳቸዋለሁ። መርጫቸዋለሁ፤ መልሼም ልመርጣቸው እችላለሁ፣ እርስዎ ራስዎን ይዘው ቢጮኹም። ግን እውነት አለዎት፤ ስለምወዳቸው ነው ያልጠየቅኳቸው። የፕሬስ ክፍሉ ልጅ "ስለ ዝናቡ" ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ሌላ ነገር ቢሆን ያንን የመሰለ ቀን ያበላሽብኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፕሬዚዳንቱ ጋዜጣዊ መግለጫ ይሰጣሉ። በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል፤ በቀጥታ የሚተላለፈውን ደግሞ አለቃዬም ማንም ሊቆርጠው አይችልም። ልማዱ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቆ መቀመጥ ነው። እጄን አነሳለሁ። ካልጠሩኝ በሚቀጥለው አነሳለሁ፣ ካልሆነም በዚያ በሚቀጥለው።

እባክዎ ያን ዕለት ቡናዎን እቤት አይጠጡ። ማርቫ ጋ ይሂዱና ቴሌቪዥኑን ታብራልዎ።

የወንድምዎ ልጅ
ኮሪ


ኒው ስሎተን
ዲሴምበር 19

ለምወድሽና ለምኮራብሽ ልጄ ለኮሪ፣

በረዶን እንደ ጥጥ የሚያነጥፍ ጌታ በቤቱ ጥላ ሥር ያኑርሽ። እኛ ደህና ነን፣ እንዲያውም ከደህናም በላይ። አክስትሽ ጉልበቷን እንደሚያማት ለሁለት ቀን ረስታው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሄድኩ። የእሁድ ኮቴን ለብሼ ስገባ አርሎ አየኝና "ዛሬ ደግሞ ምን ልታሳየን ነው፣ የዋሽንግተኑ?" አለ። "ማርቫ፣ ቴሌቪዥኑን" አልኩና ባንኮኒው ጋ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ጋዜጠኛ ስለ ገና ዛፉ ጠየቀ። ሁለተኛዋ ፕሬዚዳንቱ በዓሉን የት እንደሚያሳልፉ ጠየቀች። ዴልበርት እንኳ "ይኼን ለመጠየቅ ደመወዝ ይከፈላቸዋል?" አለ። ከዚያ አንቺ ተነሳሽ።

"ያቺ የዊብ ልጅ አይደለችም እንዴ?" አለ ዴልበርት።

ያልሽውን በሙሉ አስታውሰዋለሁ። "ክቡር ፕሬዚዳንት፣ በኦክቶበር ኒው ስሎተን ውስጥ አንድ ገበሬ ጥያቄ ጠይቆዎት ነበር። አጎቴ ነው። የዕለቱን ዘገባ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥያቄውን ግን አልጻፍኩትም፣ ከዚያ ይልቅ ያልተባለ ጻፍኩ። ዛሬ እኔ ልጠይቅለት። ስሙን የማያውቀው ሰው መሬቱን ሲከለክለው አቤት የሚለው ለማን ነው?"

"አጎቴ ነው" ስትዪ ቀና ብለሽ፣ ዓይንሽን ሳትመልሺ ነው። ማርቫ እጄን ያዘችኝ።

ፕሬዚዳንቱ ያቺን ደስ የምትል ሳቃቸውን ሳቁ። "ቡናዬን የከፈለልኝ ሰውዬ! ሰላም በይልኝ፤ አንድ ቡና አለብኝ።" አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። እኔ በቃ ትቀመጣለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አንቺ ግን አልተቀመጥሽም።

"ስለ ቡናው አይደለም የጠየቅኩዎት፣ ክቡር ፕሬዚዳንት።"

"ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጉዳዩን የሚያይ ሰው እልካለሁ።"

"ያኔም ያሉት ይህንኑ ነበር። የሚልኩት ሰው ስሙ ማነው?"

ይኼኔ አዳራሹ ውስጥ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ ወረቀታቸውን ገለጡ፣ ወደ ጎን አዩ፣ "ቀጣዩ ጥያቄ" አሉ። ፊታቸው ላይ ያለውን አገሩ ሁሉ አየው። እንደ እኔ ከሆነ መልሱ እሱ ነው።

አርሎ ኩባያውን አንስቶ ባንኮኒው ድረስ መጣና ፊቴ አስቀመጠው። "ጠይቀህ ነበር ለካ" አለኝ።

"ብዬህ ነበር።"

"ብለኸኝ ነበር። በል ወርውር።"

ወረወርኩና ተሸነፍኩ። የሁሉንም ከፈልኩ፤ ዴልበርት እያወቀ ፓይ ጨመረበት። እንዲህ ደስ ብሎኝ ከፍዬ አላውቅም።

የማግስቱን ጋዜጦች ማርቫ አሳይታኛለች። ያንቺው ጋዜጣ "ፕሬዚዳንቱ በጥሩ መንፈስ ላይ ነበሩ" ይላል። ሃልቨርሰን ደግሞ ሬዲዮው ላይ "እኔ ከመጀመሪያው የተናገርኩትን ነው ያረጋገጠችው" ብሎ አረፈው። ሁለቱንም ተያቸው። ሰዉ በዓይኑ አይቷል።

ከፕሬዚዳንቱ ዘጋቢነት አንስተው ስለ ምግብ ቤቶች እንድትጽፊ እንዳደረጉሽ አክስትሽ በስልክ ሰምታ ነገረችኝ። ስትነግረኝ እንባዬ መጣ፣ አልደብቅሽም። ያንን ቦታ ስንት ጊዜ እንደጠበቅሽው ጽፈሽልኝ ነበር። አባትሽ ቢኖር ኖሮ ካፌው መሀል ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። እኔ ማጨብጨብ አላውቅበትም፤ ባርኔጣዬን ግን አንስቼልሻለሁ።

ከመሥሪያ ቤቱ እስካሁን የመጣ ሰው የለም። ቱቦው እንደተሰበረ ነው፣ ውሃውም እንደተኛ ነው። እኔ ግን ዝም አልልም። የገበሬው ማኅበር ጥር ላይ ይሰበሰባል፤ አርሎ ራሱ ጥያቄውን ይዘን ዋሽንግተን እንሂድ ብሏል። አንቺ ስለ ምግብ ቤት መጻፍ ከጀመርሽ ሳንከፍል የምንበላበትን አታጪም ይላል።

ለገና ነይ። የበረዶ መንሸራተቻ ጫማሽ አባትሽ የሰቀለበት ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ አክስትሽ ማሰሪያውን ቀይራለታለች። ያቺ ዝቅ ያለች ቦታ ሙሉ በሙሉ በረዶ ሆናለች፤ ትናንት ሄጄ ቆሜባታለሁ፣ ትሸከማለች። በዚህ ዕድሜዬ እንድወድቅ ካልፈለግሽ እጄን ትይዣለሽ። በረዶው ላይ እንዳትንሸራተቱ ብሎ የከለከለን እስካሁን የለም። የከለከለን እንደሆነ አንቺ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሆነን ስሙን እንጠይቀዋለን።

አጎትሽ
ሃርም